ስለሚጥለው ብሬከርና ስለ ቤታችን ፍሪዘር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)

በዛሬው የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ስም ጥቂት ቃላት እንድናገር ተፈቅዶልኛል። በእንዲህ ያለው ቀን ስለ ጨረቃ ጉዞ ወይም ስለ አቶም ኃይል መናገር ሳይሻል አይቀርም ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚገኝና እናቶቻችንን ዘወትር የሚያስመርር አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ይኸውም ብሬከር የምንለው ነው። ከእርሱ ጋራ አብሮ የሚነሣው ሁለተኛው ጉዳይ በጓዳችን የቆመው ፍሪዘር ነው።

እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ብሬከሩ በጣለ ቍጥር በፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ይቀልጣል። ሥጋው በቀለጠ ቍጥር ባለቤቱ በብሬከሩ ይናደዳል። የተናደደም ሰው አንድ ቀን ብሬከሩን ያስነቅልና ሽቦውን በቀጥታ ያስቀጥላል፤ ወይም በትንሹ ብሬከር ፋንታ ትልቅ ያስገባል፤ በአሮጌ ቤት ከሆነም በቫልቮላው ውስጥ ወፍራም ሽቦ ይጠመጥማል። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አይጥልም። ቤቱ ሰላም ያገኘ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ሰላም የጠባቂውን ውሻ ገድሎ ጩኸት ቀረልኝ እንደ ማለት ያለ ሰላም ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ዋና ነገር የሚጥለው ብሬከር ጠላት አለመሆኑን፣ ሥጋውንም የሰውንም ሕይወት ባንድነት መጠበቅ የሚቻል መሆኑን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። መብራት ጠፋ ማለትና ብሬከር ጣለ ማለት አንድ አይደለም። አገራችን ኃይል በማመንጨት በኩል ወደ ፊት መራመዷ የሚያጠራጥር አይደለም። የተከዜና የጣና በለስ ማመንጫዎች በ2002 ዓ.ም. ተመርቀዋል፤ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም ኃይል መመንጨቱና ኃይሉ ሳይቋረጥ ከየቤቱ መድረሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እስከ ዳባትና እስከ ደባርቅ ድረስ የሚመጣው መሥመር ተራራና ገደል ይሻገራል፤ ነፋስና መብረቅ ያገኘዋል፤ ምሰሶ ይወድቃል፤ ትራንስፎርመር ይበላሻል። ይህ የመሥመር መቋረጥ ስለ ሆነ የሚጠግነው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የካርድ ቆጣሪ ያላቸውም ሰዎች ሒሳባቸው ሌሊት አልቆባቸው ጧት ሥጋው ቀልጦ ያገኙት እንደ ሆነ ጥፋቱ የብሬከር አይደለም። የጎረቤት መብራት እየበራ የእኛ ብቻ ጠፍቶ፣ በካርዱም ውስጥ ሒሳብ እያለ ከሆነ ግን ያን ጊዜ ወደ ብሬከሩ ሄዶ መመልከት ይገባል። ይህ የቤታችን ጉዳይ ነውና።

ብሬከር ለምን ይጥላል? ምክንያቱ በሦስት ይከፈላል።

1ኛ፤ ከመጠን ያለፈ ሸክም ነው። በአገራችን ለቤት የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በሽቦ ውስጥ ስንት አምፔር እንደሚያልፍ ለማወቅ የዕቃዎቹን ዋት ደምሮ ለ220 ማካፈል ነው። ለምሳሌ አንዲት እናት ጧት እንጀራ ሲጋግሩ 3,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ 2,000 ዋት የሚወስድ የውኃ ማፍያ፣ 1,000 ዋት የሚወስድ ምድጃና 150 ዋት የሚወስድ ፍሪዘር ባንድ መሥመር ላይ ቢያውሉ ድምሩ 6,650 ዋት ይሆናል። ይህ ለ220 ሲካፈል 30 አምፔር ያህል ነው። ብሬከሩ ደግሞ ባለ 20 አምፔር ነው እንበል። በውስጡ ያለው የብረት ቅጠል ከመጠን በላይ የሆነው ፍሰት ሲያልፍበት ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይጐብጣል፤ ሲጐብጥ መክፈቻውን ገፍቶ ያቋርጣል። ስለዚህ ወዲያው አይጥልም። ጥቂት እንጀራ እስኪወጣ ድረስ ይታገሥና ይጥላል። እንደዚህ ቈይቶ የሚጥል ብሬከር ሲያጋጥም ሸክም እንደ በዛበት መገመት ይቻላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የፍሪዘሩ ድርሻ ከ6,650 ዋት ውስጥ 150 ብቻ ነው። ሸክሙን ያበዙት ሌሎቹ ሲሆኑ ጉዳቱን የሚቀበለው እርሱ ነው።

2ኛ፤ በተለምዶ ሾርት ወይም ኮንታክት የምንለው ነው። ፌዙና ኒውትራሉ ልባሳቸው ተልጦ ሲነካኩ ፍሰቱ ባንድ ጊዜ በመቶ የሚቈጠር አምፔር ይሆናል። በዚህ ጊዜ የብረት ቅጠሉ እስኪሞቅ ድረስ አይጠበቅም፤ በብሬከሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ማግኔት ሆኖ በቅጽበት ያቋርጠዋል። ዕቃው ሲሰካ ወዲያው ቷ ብሎ የሚጥል ከሆነ፣ የጥቍረት ምልክት ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ ነገሩ ይህ ነው። ያን ዕቃ ደግሞ መሰካት አይገባም።

3ኛ፤ ወደ መሬት የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ነው። ይህን የሚይዘው ብሬከር ከቀደሙት የተለየ ሲሆን፣ ቲ የሚል ፊደል የተጻፈበት ትንሽ የመሞከሪያ ቍልፍ ስላለው ይታወቃል። አሠራሩን በእረኛ ምሳሌ ላስረዳ። እረኛ ጧት ያወጣውን መንጋ ማታ ሲያስገባ ይቈጥራል፤ አንዲት በግ ብትጐድል በመንገድ አንድ ነገር እንደ ደረሰ ያውቃል። ይህም ብሬከር በፌዝ የወጣውንና በኒውትራል የተመለሰውን ፍሰት ዘወትር ያመዛዝናል። የጐደለ እንደ ሆነ፣ የጐደለው ኤሌክትሪክ በብረት ሣጥን፣ በእርጥብ ግድግዳ ወይም በሰው አካል አልፎ ወደ መሬት ሄዷል ማለት ነው። ለቤት የሚሆነው ዓይነት የጐደለው መጠን 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ከአንድ ሴኮንድ ሦስት ዐሥረኛ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ማቋረጥ አለበት። 30 ሚሊ አምፔር ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ባለ 60 ዋት አምፑል የሚወስደው ፍሰት የዚህን 9 እጥፍ እንደሚሆን ማስታወስ ይበቃል። ከዚህ በላይ የሆነ ፍሰት በሰው ደረት አልፎ ቢቈይ ግን የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል።

የዚህ ዓይነቱ ብሬከር ታሪክ ለእኛ ለአፍሪካውያን የሚያኰራ ክፍል አለው። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ጕድጓዶች ውስጥ ኤሌክትሪክ ሠራተኞችን ያሠጋ ስለ ነበር ሄንሪ ሩቢን የሚባል መሐንዲስ በ1955 እ.ኤ.አ. አንድ መከላከያ ሠራ። በሚከተለውም ዓመት ሰውን ከሞት ለማዳን የሚበቃ፣ እጅግ ጥቂት የሆነ መጕደልን የሚያውቅ መሣሪያ አበጀ። በ1957ና በ1958 እ.ኤ.አ. ስቲልፎንቴን በምትባለው የማዕድን ከተማ በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ተተከለ። ዛሬ በየቤታችን ስንበሳጭበት የምንውለው ዕቃ ሰዎች እንዳይሞቱ በብዙ ድካም የተገኘ መሆኑን ስናስብ ንዴታችን ሊበርድ ይገባል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፣ «ፍሪዘሬ የመሬት ሽቦ አለው፤ ተራውም ብሬከር ይበቃኛል» ሊል ይችላል። ይህ አስተሳሰብ በእኛ አገር አቀማመጥ አደገኛ ነው። የምንኖርበት የሰሜን ተራሮች ግርጌ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቍር ዐለት ነው። አፈሩ በብዙ ቦታ ስስ ስለ ሆነ ከመሬት የሚተከለው የመዳብ ዘንግ ጠልቆ አይገባም፤ በበጋም አፈሩ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አይቀበልም። የመሬቱ ተቃውሞ 100 ኦም ነው እንበል። በፍሪዘሩ ውስጥ ፌዙ ሣጥኑን ቢነካ ወደ መሬት የሚሄደው ፍሰት 220 ለ100 ሲካፈል 2.2 አምፔር ብቻ ይሆናል። ባለ 16 አምፔር ተራ ብሬከር 2.2 አምፔርን ከቁም ነገር አይቈጥረውም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሣጥኑ ለመግደል የሚበቃ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ፣ ሕፃኑ በባዶ እግሩ መጥቶ እጀታውን እስኪይዝ ይጠብቃል። የእረኛው ዓይነት ብሬከር ካለ ግን 2.2 አምፔር ከ30 ሚሊ አምፔር 73 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ በቅጽበት ይጥላል። እንግዲህ ዐለታማ በሆነ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ብሬከር ትርፍ ነገር ሳይሆን ዋናው ጠባቂ ነው። የሌለው ቤት ቢኖር እንዲያስገባ፣ ያለው ቤትም ቢያንስ በ6 ወር አንድ ጊዜ የመሞከሪያውን ቍልፍ ተጭኖ መጣሉን እንዲያረጋግጥ አሳስባለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለ በቂ ምክንያት የሚጥል የሚመስለውን ብሬከር እንዴት እንደምንመረምር ልግለጽ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው በዚህ ሥራ መቸኰል አይጠቅምም። በእርጥብ እጅ መንካትም ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

በመጀመሪያ በቤት ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ ከሶኬት መንቀል ነው። ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱም ኒውትራሉ ከመሬት ሽቦው ጋራ ተነካክቶ እንደ ሆነ ዕቃው ጠፍቶም ብሬከሩን ሊጥለው ይችላል። ቀጥሎ ብሬከሩን አንድ ጊዜ መመለስ ነው። ሁሉም ተነቅሎ ሳለ እንደ ገና ከጣለ ጕዳቱ በግድግዳው ወይም በጣራው ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ስለ ሆነ የብቃት ማረጋገጫ ያለውን ኤሌክትሪሺያን መጥራት ያስፈልጋል። ካልጣለ ግን ዕቃዎቹን አንድ ባንድ መሰካትና በየመካከሉ ጥቂት መጠበቅ ነው። አንዱ ሲሰካ ከጣለ ወንጀለኛው ተገኘ። እርሱን ትቶ የቀሩትን መሰካትና መጨረስ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜ ግብረ አበር ይኖረዋልና።

በእኛ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠረጠረው ምጣድ ነው። ሸክላ እርጥበት ይጠጣል። በክረምት ወራት ሳይሠራበት የቈየ ምጣድ፣ ውኃ የፈሰሰበትም ምጣድ፣ ከሥሩ ባለው የጋለ ሽቦና በብረት እግሩ መካከል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ይህ ዓይነቱ ምጣድ ደረቅ ቦታ ተቀምጦ ሲደርቅ የሚተወው ነገር ነው፤ ደርቆም ከጣለ ግን ለጠጋኝ መስጠት ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ራሱ ፍሪዘሩ ሊሆን ይችላል። ኖ ፍሮስት የሚባለው፣ በረዶውን ራሱ የሚያቀልጥ ዓይነት በውስጡ ትንሽ ማሞቂያ አለው። ማሞቂያው አርጅቶ ውኃ ከገባበት በረዶ በሚያቀልጥበት ሰዓት ብቻ ይጥላል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ማንም ምንም ሳይነካ የሚጥል ብሬከር ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ሦስተኛው ደግሞ የብዙ ጥቃቅን ዕቃዎች ድምር ነው። ቴሌቪዥን፣ ዲሽ፣ ኮምፒዩተር፣ የስልክ ቻርጀር እያንዳንዳቸው ጥቂት ያፈሳሉ። ጥቂቱ ሲደመር ብሬከሩን ወደ ጫፍ ስለሚያደርሰው በመጨረሻ የተሰካው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። የዚህ መድኃኒቱ ዕቃዎቹን በሁለት ወይም በሦስት ብሬከር መከፋፈል ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የምናደርገውና የማናደርገው ነገር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ምክንያቱን ፈልጎ መጠገን ብልህነት ነው። ብሬከሩን መንቀል ግን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ነው። ባለ 16 አምፔሩን ብሬከር አውጥቶ ባለ 32 ማስገባትም ሽቦውን አያወፍረውም። ለተራ ሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ 30 አምፔር ሲያልፍበት በጣራው ሥር ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ እሳቱም የሚነሣው ቤተ ሰቡ በተኛበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ፍሪዘሩ እንመለስ። ፍሪዘርን ለመጠበቅ ዋናው ዘዴ ከጥፋተኞች ጎረቤቶች መለየት ነው። ለፍሪዘሩ ብቻ የሚያገለግል መሥመርና ብሬከር ከማከፋፈያው ሣጥን ማውጣት ነው። የሚቻል ከሆነም ይህ ብሬከር ሸክምንም መፍሰስንም ባንድነት የሚጠብቀው ዓይነት ይሁን። ያን ጊዜ ምጣዱ ቢረጥብ የምጣዱ ብሬከር ብቻ ይጥላል፤ ፍሪዘሩ ሥራውን ይቀጥላል። ምጣዱም የራሱ ወፍራም ሽቦ ያለው መሥመር ሊኖረው ይገባል። በአንዳንድ አገር ለፍሪዘር የሚሆነውን ሶኬት ከመፍሰስ ጠባቂው ብሬከር ውጭ የማድረግ ልማድ ነበረ። የመሬቱ ሽቦ አስተማማኝ በሆነበት አገር ይህ ያስኬድ ይሆናል፤ ቀደም ብዬ ባሳየሁት የሒሳብ ምክንያት ግን ለእኛ አይሆንም። የራሱን ጠባቂ እንስጠው እንጂ ያለ ጠባቂ አንተወው።

ዲቫይደር በምንለው ማከፋፈያ ገመድ ፍሪዘርንና ሌላ ዕቃን ደርቦ መሰካትም መቅረት አለበት። የላላ ሶኬት ይግላል፤ ይጠቍራል፤ በመጨረሻም ፍሪዘሩን ማንም ሳያውቅ ያቋርጠዋል። ብሬከሩ ሳይጥል ፍሪዘሩ ብቻ ጠፍቶ ከተገኘ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው። ማታ ሰው ሁሉ ምድጃውን ሲለኵስ ቮልቴጁ ይወርዳል። አምፑልና ምጣድ ቮልቴጅ ሲያንሳቸው ይደክማሉ እንጂ አይጐዱም። የፍሪዘር ሞተር ግን ለመነሣት ጕልበት ያንሰዋል፤ ሊነሣ እየታገለም ከወትሮው ብዙ እጥፍ ፍሰት ይስባል፤ ይግላል። ከዚያ በሞተሩ ላይ ያለው ጠባቂ ቀጭ ብሎ ያቋርጠዋል፤ ሲበርድ እንደ ገና ይሞክራል። ይህ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ በተደጋጋሚ ሲሰማ ፍሪዘሩን ነቅሎ ቮልቴጁ እስኪስተካከል መጠበቅ ነው፤ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኃይሉ ይዋዥቃል፤ በሞተሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝም ገና አልረጋም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን መንቀል፣ ሲመለስም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቈይቶ መሰካት መልካም ነው። ይህን በራሱ የሚያደርግ፣ ቮልቴጅ ሲያንስም ሲበዛም የሚያቋርጥ የፍሪጅ መከላከያ በገበያ ይገኛል። በክረምት ደግሞ ነጐድጓድ ከመቅረቡ በፊት ነቅሎ ማቈየት ከብዙ ጸጸት ያድናል።

ሦስተኛው ነገር የምንኖርበት ከፍታ ነው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ፣ ዳባት 2,600 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። ጭላዳና ዋልያ የሚታዩበት ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ የቤት ብሬከሮች የሚዘጋጁት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ላለው ቦታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ የማቀዝቀዝና ኤሌክትሪክን የመከላከል ኃይሉ ይቀንሳልና ይህን ማሰብ ያስፈልጋል። በደባርቅ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ስለዚህ እኛ ደገኞች ብሬከሩንም ሽቦውንም እስከ መጨረሻው ልክ ድረስ ማስጨነቅ አይገባንም። በፍሪዘሩ ጀርባ ያለው ትኵስ ቱቦም ሙቀቱን የሚሰጠው ለዚሁ ስስ አየር ስለ ሆነ ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል መራቅ፣ አቧራውም በየጊዜው መጠረግ አለበት። ጭስ ካለበት ማእድ ቤት ይልቅ ደረቅ ጓዳ ይሻለዋል። ከሥሩም ሁለት ጠርብ እንጨት ቢደረግ ከወለሉ እርጥበት ይድናል።

ቅዝቃዜ ለፍሪዘር ይስማማዋል ብለን እናስባለን፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ከላይ ማቀዝቀዣ፣ ከታች ማቀርቀሪያ በረዶ ቤት ያለውና አንድ መቈጣጠሪያ ብቻ ያለው ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚለካው በማቀዝቀዣው ክፍል ነው። የደባርቅ ሌሊት ጓዳውን ከ10 ዲግሪ በታች ሲያወርደው መቈጣጠሪያው «በቂ ነው» ብሎ ሞተሩን አያስነሣም፤ በበረዶው ክፍል ያለው ሥጋ ግን ይለሰልሳል። ይህ የብሬከርም የመብራትም ጥፋት አይደለም። በዕቃው ጀርባ ባለው ጽሑፍ ላይ ኤስ ኤን የሚል ምልክት ካለ እስከ 10 ዲግሪ ድረስ በቀዘቀዘ ክፍል ይሠራል ማለት ነው፤ ኤን፣ ኤስ ቲ ወይም ቲ ከሆነ ግን ከ16 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ለእኛ አገር ሲገዛ ይህን ማየት ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ኃይል መቋረጡ አይቀርም። ያን ጊዜ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ትእዛዝ አለመክፈት ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የቀዘቀዘና የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት ያህል፣ እኩሌታው ባዶ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ይቈያል። ተራው ማቀዝቀዣ ክፍል ግን የሚቈየው 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከዚህ የምንማረው ባዶ ቦታ እንደማይጠቅም ነው። በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ እየሞሉ፣ በረዶው ሲሰፋ እንዳይፈነዳ ጥቂት አጕድሎ፣ ባዶውን ቦታ መሙላት ይገባል። በዐቢይ ጾም ወራት ፍሪዘሩ ሥጋ ባይኖርበትም ጠርሙሶቹ በርደው ይቈዩና ለፋሲካ ዝግጁ ይሆናሉ። ጨርሶ የማይፈለግ ከሆነም ነቅሎ፣ አድርቆ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ቤተ ሰቡ ለቀናት ከቤት ርቆ ሲመለስ በመካከል ኃይል ጠፍቶ እንደ ነበር በምን ያውቃል? ዘዴው ቀላል ነው። አንድ ኩባያ ውኃ በፍሪዘሩ ውስጥ ካቀዘቀዙ በኋላ የአንድ ብር ሳንቲም ከበረዶው ላይ ማስቀመጥ ነው። ሲመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ምንም አልሆነም። ከኩባያው ሥር ሰምጦ ከተገኘ ግን በረዶው ሁሉ ቀልጦ እንደ ገና የረጋ ስለ ሆነ፣ ሥጋው ደንጊያ መስሎ ቢታይም መበላት የለበትም። ሥጋው በውስጡ ገና በረዶ ካለበት ወይም ከ4 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ከዚያ አልፎ የቈየውን ግን ማሽተት አያስተማምንም። «ደኅና አድርጌ እቀቅለዋለሁ» ማለትም አያዋጣም፤ በደባርቅ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ግድም ነው፤ አንዳንድ ተሐዋስያን የሚተዉትን መርዝም መቀቀል አያጠፋውም። ሥጋ መጣል ያማል፤ ሆኖም ልጅን ከመታመም አይብስም።

ደግሞም የእናቶቻችንን ጥበብ መርሳት አይገባንም። ፍሪዘር ከመምጣቱ በፊት ሥጋ ቋንጣ ይሆን ነበር፤ ቅቤ ይነጠር ነበር፤ እንጀራ ድርቆሽ ይሆን ነበር። እነዚህ ከሶኬት ጋራ ጉዳይ የላቸውም። ለበዓል ብዙ ሥጋ የገባበት ቤት ከፊሉን አስቀድሞ ቋንጣ ቢያደርገው ብሬከሩ በሚጥልበት ቀን ጭንቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። ብሬከሩን ለማስነቀል የሚገፋፋን ይኸው ጭንቀት ነውና፣ ቋንጣውም ለቤቱ ደኅንነት አስተዋፅኦ አለው ማለት ይቻላል። ሥልጣኔ ማለት የቀድሞውን ጥሎ በአዲሱ ብቻ መንጠልጠል ሳይሆን ሁለቱን በየቦታቸው ማዋል ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ ለእኛ ለተማሪዎችም ከዚህ ውስጥ ድርሻ አለን። በፊዚክስ ክፍል የተማርነው የኦም ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ እንዲቀር አይደለም። ዛሬ ማታ ወደየቤታችን ስንገባ በየዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት ደምረን ለ220 እናካፍለው፤ ያገኘነውን ቍጥር በብሬከሩ ላይ ከተጻፈው አምፔር ጋራ እናስተያየው። የማከፋፈያውን ሣጥን መክፈት ግን የእኛ ሥራ አይደለም፤ የባለሙያው ነው። ክበባችንም ለሠሪውም አደጋ የሌለው አንድ ትንሽ ደወል ሠርቶ ለማሳየት አስቧል። አሮጌ የስልክ ቻርጀር በፍሪዘሩ መሥመር ላይ ይሰካል፤ ከቻርጀሩ የሚወጣው 5 ቮልት አንዲት ሪሌ ይዞ ያቈያል፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ሪሌዋ ትለቅና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ደወል ታስጮኻለች። ቤተ ሰቡም ፍሪዘሩ መጥፋቱን በማግሥቱ ከቀለጠው ሥጋ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ከደወሉ ይሰማል።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፤ ነገሬን ልጠቅልል። ብሬከሩ ሲጥል ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ቈይቶ ነው የጣለው? ወዲያው ነው? ወይስ ማንም ሳይነካው በየጊዜው? መልሱ ወደ ምክንያቱ ይመራናል። ምክንያቱን እንጠግን፤ ለፍሪዘሩም የራሱን መሥመርና የራሱን ጠባቂ እንስጠው፤ ጠባቂውን ግን አንንቀል። የቀለጠ ሥጋ በሌላ ገበያ ይተካል፤ የፍሪዘሩን እጀታ ይዞ የቀረ ልጅ ግን የሚተካ አይደለም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ ሽቦ ከመጠምጠማችን በፊት ምክንያቱን እንማር።